ጎማ ለማስነፋት 2 ዶላር? ከአንድ ክርና ከ22 መልሶቹ

ክር የምለው በአንድ ጥያቄ ሥር መልሶች የሚደረደሩበትን የኢንተርኔት ውይይት ነው። የዚህኛው መነሻ የተጻፈው ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። ጸሐፊው በቶዮታ ካምሪ ሰው የሚያመላልስ ሾፌር ነው። ነዳጅ ማደያዎች ለአየር ከ1 ዶላር ከ50 እስከ 2 ዶላር ከ50 ማስከፈላቸው አናዶታል። ማሽኑ ለጥቂት ደቂቃ ሠርቶ አራቱም ጎማ ሳይዳረስ ይቆማል፤ ለመቀጠል እንደገና መክፈል ነው። ብርድ ሲገባ ደግሞ የጎማ ምልክቱ በየጊዜው ይበራበታል። የጠየቀው በነጻ የሚያስነፋበት ቦታ እንዳለ፣ ከሌለም ቤቱ ሆኖ በምን እንደሚነፋ ነው። የብስክሌት ፓምፕ ይበቃኝ ይሆን ሲልም አክሏል።

ክሩ ረጅም ነው፤ መሀል ላይም ተጋግሏል። መኪና ለሚይዝ ሁሉ የሚሆን ነገር ስላለበት በየተራቸው እነግራችኋለሁ፤ ፍሬ የሌላቸውን ቶሎ አልፋለሁ።

1ኛው መልስ ትሕትና የተሞላ ነው። ሜሪላንድና ቨርጂኒያ ውስጥ ዋዋ እና ሺትዝ የሚባሉት ማደያዎች አየር በነጻ እንደሚሰጡ፣ ኮስትኮ የሚባለው ትልቅ መደብር ለአባላቱ ጎማ ክፍሉ አጠገብ በነጻ እንደሚያስነፋ፣ ብዙ ጎማ ቤቶችም ሳያስከፍሉ ለክተው እንደሚሞሉ ዘርዝሯል። 2ኛው ደግሞ ማደያ አየርን በነጻ እንዲሰጥ ሕግ ያስገድደዋል፣ ገብታችሁ ጠይቁ አለ። 3ኛው ወዲያው አረመው፦ ያ ሕግ የካሊፎርኒያ ነው፣ እዚያም ቢሆን ነጻ የሚሆነው ነዳጅ ለቀዳ ደንበኛ ነው። ሎስ አንጀለስ ያለ ሰው ቤንዚን ቀድቶ ከሆነ ገንዘብ ተቀባዩን ማሽኑን ክፈትልኝ ማለት ይችላል፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ላይ ግን ያንን ሕግ መጥቀስ ዋጋ የለውም።

ክሩን ክር ያደረገው 4ኛው መልስ ነው። ጸሐፊው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ጎማ ቤት የሚሠራ ሲሆን፣ ስለ 2 ዶላሩ ከመከራከር ይልቅ ሙቀትን አነሳ። የሾፌሩ በር ሲከፈት የመኪናው አካል ላይ ተለጥፎ የሚታየው ቁጥር፣ ለካምሪው 35 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ ነው)፣ የቀዝቃዛ ጎማ ቁጥር ነው። ቀዝቃዛ የሚባለው መኪናው ቢያንስ 3 ሰዓት ቆሞ ከሆነ፣ ወይም ከተነሳ ከ1 ኪሎ ሜትር ተኩል በላይ ካልሄደ ነው። ማደያ ድረስ ሩብ ሰዓት የነዳ ሰው ጎማውን ከ3 እስከ 4 ፒኤስአይ አሙቆት ይደርሳል። እዚያ 35 ላይ ቢያቆመው ንጋት ላይ 31 ወይም 32 ሆኖ ያገኘዋል፤ ከፍሎም ጎደሎ ይዞ ገባ ማለት ነው። በማደያ አየር መጠቀም ግድ ከሆነ መላው ይህ ነው፦ ጠዋት ቤት ደጃፍ ይለካና ጉድለቱ ይመዘገባል። ቤት 30 ካለ ጉድለቱ 5 ነው። ማደያ ሲደርስ መለኪያው 33 ቢያሳይም ሥራው በዚያው ላይ 5 ጨምሮ 38 ማድረስ ነው፤ ሲቀዘቅዝ 35 ይሆናል።

እኔ ከሁሉም በላይ የምስማማው በዚህ ነው። ቤት ውስጥ መንፊያ የመያዝ ዋናው ጥቅም ጎማውን ሳይሞቅ በቦታው ማግኘት ነው፤ የ2 ዶላሩ ቁጠባ ከዚያ በኋላ ይመጣል።

5ኛው ይህን ይዞ ከመንፊያ በፊት መለኪያ ግዙ አለ። ከ5 እስከ 15 ዶላር የሚያወጣ፣ ክብ ሰዓት ያለው ወይም ዲጂታል ይበቃል። የማደያ ቱቦ ላይ ያለው መለኪያ ሲወድቅና ሲረገጥ የሚውል ስለሆነ አይታመንም፤ ርካሽ መንፊያዎች ላይ ያለውም ከ2 እስከ 5 ፒኤስአይ ሊያሳስት ይችላል። መለኪያው ቫልቩ ላይ ቀጥ ብሎ ይጫናል፤ ፍስስ የሚል ድምፅ ካልተቋረጠ ገና አልገጠመም፣ የሚያሳየውም ከእውነቱ ያነሰ ነው። ሁለት ጊዜ ተለክቶ ሁለቱም አንድ ከሆኑ ቁጥሩ ይያዛል።

6ኛው፣ ጎማው ጎን ላይ 51 ፒኤስአይ ስለሚል እስከዚያ ልሙላው ወይ ብሎ ጠየቀ። 7ኛው መልስ ሹል ነበር፤ በዚህ ጥያቄ ስንቱ ሰው ጎማውን እንደ ድንጋይ አድርጎ ዝናብ ላይ እንደሚንሸራተት ጽፎ፣ የጎማው ጎን ላይ ያለው የጎማው ጣሪያ እንጂ የመኪናው ልክ አይደለም ብሎ ዘጋው። አነጋገሩ ቢሻክርም እውነቱን ነው። ከመጠን በላይ የተነፋ ጎማ መሀሉ ብቻ ይበላል፣ ያነሰው ደግሞ ሁለቱ ዳር።

8ኛው ወደ ብስክሌት ፓምፕ ተመለሰ፤ ሒሳቡም ደስ ይላል። የመኪናና የብዙ ብስክሌቶች ቫልቭ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፓምፑ ይገጥማል። መካከለኛ የመኪና ጎማ ውስጡ 35 ሊትር ገደማ ይይዛል። መሬት ላይ ቆሞ በሁለት እጅ የሚገፋው ረጅሙ ፓምፕ በአንድ ግፊት 0.3 ሊትር ያህል ስለሚያስገባ፣ 1 ፒኤስአይ ለመጨመር 8 ጊዜ ያህል መግፋት ያስፈልጋል። 5 ለመጨመር 40 ግፊት ነው፤ ለአራት ጎማ 160። ሰው ይችለዋል፣ ላብ ግን አለው። ከባዶ ለመሙላት ግን አንዱ ጎማ ብቻ ከ250 በላይ ግፊት ስለሚጠይቅ አይመከርም። ብስክሌት ላይ የሚታሰረው አጭሩ ፓምፕ ከነጭራሹ አይሞከርም። 9ኛው የእግር ፓምፕን ጨመረ። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ይሻላል፤ የሚበላሸውም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፣ ፔዳሉን የያዘችው ፒን። ፓምፑ ለስላሳ አፈር ላይ ተቀምጦ ሲረገጥ ይጣመማል፣ ፒኗም ትሰበራለች፤ ከሥሩ ጣውላ ማድረግ ነው።

10ኛው መልስ በክሩ ውስጥ ረጅሙ ነው፤ በ12 ቮልት ስለሚሠራው ትንሽ ኮምፕሬሰር። ከ30 እስከ 50 ዶላር ባለው ዋጋ የሚገኘው አብዛኛው ከሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ይሰካል። ሶኬቱ ብዙ ጊዜ ባለ 15 አምፔር ፊውዝ ነው። ስለዚህ 10 አምፔር የሚስብ፣ ማለትም 120 ዋት ያህል የሆነ መንፊያ ይቻላል። 20 እና 30 አምፔር የሚስቡት ከሶኬት ሳይሆን በመቆንጠጫ ከባትሪው ራሱ መያያዝ አለባቸው፤ ሶኬቱ ላይ ከተሰኩ ፊውዙ ይቃጠላል። ሰውየው አሠራሩን በቅደም ተከተል ጻፈ። መኪናው ደጅ ቆሞ ሞተሩ ይነሳል፤ ሞተር የጠፋ እንደሆነ ቮልቴጁ ይወርድና መንፊያው ይደክማል፤ የተዘጋ ጋራዥ ውስጥ ግን ጭሱ ሰው ስለሚገድል በፍጹም አይነሳም። መጀመሪያ ቱቦው ቫልቩ ላይ ይጠበቃል፣ ቀጥሎ ማብሪያው ይበራል። 5 ፒኤስአይ ለመጨመር ከ1 እስከ 2 ደቂቃ ይበቃል። መንፊያው እየሠራ የሚያሳየው ቁጥር የቱቦውን ግፊት ስለሚጨምር ከፍ ይላል፤ አጥፍቶ፣ ቱቦውን ፈትቶ፣ በራስ መለኪያ ማየት ነው። ቱቦው ሲፈታ ትንሽ አየር ስለሚያመልጥ በ1 ፒኤስአይ አልፎ ማቆም ይሻላል። የናስ ጫፉ ስለሚግል በጨርቅ ይያዛል።

ከዚያ የሚበላሽበትን ምክንያት አስከተለ። እነዚህ መንፊያዎች ያለ እረፍት የሚሠሩት ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ ነው፤ ልኩ ካርቶኑ ላይ ተጽፏል። ከዚያ በላይ ሲነዱ የፒስተኑ ቀለበት ይጎዳና ድምፁ እንዳለ ሆኖ አየሩ ይጠፋል። ሰው ሞተሩ ተበላሸ ይላል እንጂ ሞተሩ ደህና ነው። ሲገዛ የሚመረጠውም በጥርሱ የሚጠብቅ የናስ ጫፍ ያለው ነው፤ በማንሻ የሚቆለፈው ፕላስቲክ ላስቲኩ ቶሎ ይበላል።

11ኛው ለ2 ዶላር ይህን ያህል ብሎ አጣጣለ። 12ኛው በቁጥር መለሰለት። የአሜሪካ ኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የአራቱም ጎማ አማካይ በ1 ፒኤስአይ ሲጎድል መኪናው በአንድ ጋሎን የሚሄደው መንገድ በ0.2 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። የጎማ ምልክቱ የሚበራው ደግሞ 25 በመቶ ሲጎድል ነው፤ በካምሪው 35 ወደ 26 ሲወርድ። አራቱም እስከዚያ ወርደው ምልክቱን የሚጠብቅ ሰው 1.8 በመቶ እያቃጠለ ነው፤ በሳምንት 100 ዶላር ለሚቀዳ ሾፌር 1 ዶላር ከ80። ጤነኛ ጎማ ራሱ በወር ከ1 እስከ 2 ፒኤስአይ ያጣል፤ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲወርድ ደግሞ ከ1 ተኩል እስከ 2 ይቀንሳል። የመነሻው ጸሐፊ ምልክት በጠዋት ብርድ መብራቱ ከዚህ ነው። 11ኛው ጸሐፊ ከዚያ በኋላ አልመለሰም።

13ኛዋ ከአዲስ አበባ ጻፈች፤ በእኔ እይታ ከሁሉም የተሻለውን ትምህርት ያመጣችው እሷ ናት። ከባሕር ጠለል አቅራቢያ ያሉት የተናገሩት ሒሳብ አዲስ አበባ ላይ እንደሚለወጥ አሳየች። መለኪያ የሚያሳየው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። የውጭው አየር ባሕር ዳርቻ 14.7 ፒኤስአይ ሲሆን፣ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ግን 11 ነው። በሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይለወጥም፤ 33 ካለ አዲስ አበባም 33 ነው። አየሩ ስለሳሳ ግን መንፊያው ለዚያው ሥራ አንድ ሦስተኛ ያህል ተጨማሪ አየር መሳብ አለበት። የ8ኛው ጸሐፊ 8 ግፊት እዚህ 10 እና 11 ይሆናል፤ ካርቶኑ ላይ 4 ደቂቃ የሚል ኮምፕሬሰርም ከ5 ደቂቃ በላይ ይፈጃል። ስለዚህ የእረፍቱ ልክ እዚህ ይበልጥ መጠበቅ አለበት።

መንገድ ለሚወጣም ጨመረች። ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ ሲወረድ ከፍታው ብቻውን 1 ፒኤስአይ ያህል ከመለኪያው ላይ ይቀንሳል፤ የአዳማ ሙቀት መልሶ ይተካዋል። ጅቡቲ ድረስ ለሚወርድ ቅነሳው ወደ 4 ይጠጋል፣ 20 ዲግሪ የሚጨምረው ሙቀት ግን አብዛኛውን ይመልሳል። ደርሶ መልስ ከሆነ ጎማውን አለመነካካት ነው። ከጃፓን የመጡ ቪትዝና ኮሮላዎች በራቸው ላይ ቁጥሩን በኪሎፓስካል ይጽፋሉ፤ 230 ማለት 2.3 ባር፣ ወይም 33 ፒኤስአይ ነው። ጎሚስታው ስንት ልንፋልሽ ሲል በልማድ 30 ከማለት በሩን ከፍቶ ማየት ይሻላል ብላ ጨረሰች።

14ኛው ከዱባይ፣ በጋ ላይ ጎማ እንዳይፈነዳ አየር አስወጡ ብሎ መከረ። 15ኛው ይህ ምክር ሰው እንደሚገድል ያለ ማቅማማት ነገረው። አየር ያነሰው ጎማ በየዙሩ ይበልጥ ይተጣጠፋል፣ መተጣጠፉ ያሞቀዋል፣ የሚፈነዳውም ከዚያ የተነሳ ነው። በሞቀ ጎማ ላይ የታየው ጭማሪ አስቀድሞ ታስቦበታል፤ አይነካም። በባትሪ የሚሠራውን ገመድ አልባ መንፊያ ግን በዚያ ፀሐይ መኪና ውስጥ መተው ሊቲየሙን ስለሚጎዳ ቤት ይቀመጥ አለ።

የተጋጋለው ከዚህ ወዲያ ነው። 16ኛው ከሐዋሳ፣ ከአሮጌ ፍሪጅ የተነቀለ ኮምፕሬሰር ያለ ወጪ ጎማ ይነፋል ብሎ አሠራሩን ጻፈ፤ መምጠጫውን ክፍት መተው፣ መትፊያው ላይ ቱቦ ማሰር፣ አሮጌ የጋዝ ሲሊንደር እንደ ታንክ መጠቀም። 17ኛው በአዳማ የብዙ ዓመት ጎሚስታ የሆኑ ሰው ናቸው፤ ተቆጥተው ጻፉ። የፍሪጅ ኮምፕሬሰር ዘይቱ ከጋዙ ጋር ዞሮ የሚመለስለት ዝግ መሣሪያ ነው። ሲከፈት ዘይቱን ከአየሩ ጋር ይተፋል፤ ዘይቱ ጎማውን ከውስጥ ይበላል፣ መሣሪያውም ደርቆ ይነክሳል። የሚያቀዘቅዘው ተመላሹ ጋዝ ስለሌለም ይግላል። አዳዲሶቹ ፍሪጆች አይሶቡቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ አላቸው፤ ቱቦውን በእሳት የሚቆርጥ ሰው እጁን ያጣል። ከሁሉ የከፋው ሲሊንደሩ ነው፦ የታመቀ አየር ውሃ ይተፋል፣ ውሃው ታች ይተኛል፣ ብረቱ ከውስጥ ይዝጋል፣ አንድ ቀን ይፈነዳል። 18ኛው ጎሚስታዎች ይህን የሚሉት ገበያቸው እንዳይቀር ነው ብሎ ዘለፋቸው። ሌላ ሰው በ19ኛው ገብቶ ጋሼ ያሉት ልክ ነው፣ አክብረህ ተናገር አለና ለሁለቱም የሚሆን መንገድ አሳየ። ቤት ውስጥ 220 ቮልት ያለው ሰው 24 ሊትር ታንክ ያለው፣ 1.5 ኪሎዋት ገደማ የሆነ፣ እስከ 8 ባር የሚሞላ ኮምፕሬሰር ይግዛ፤ የሚያስፈልጉት ሦስት ነገሮች ተሠርተው ይመጣሉ፦ ሲሞላ የሚያጠፋው ማብሪያ፣ ግፊት ሲያልፍ የሚተነፍሰው መከላከያ ቫልቭ፣ ከሥሩ ውሃ ማፍሰሻ። ውሃው ከሥራ በኋላ ሁልጊዜ ይፈሳል። አንዴ የሞላ ታንክ መብራት ቢጠፋ እንኳን የአንድ መኪና አራት ጎማ ላይ 5፣ 5 ፒኤስአይ ይጨምራል። ዋጋው ለአንድ ቤት ከከበደ ጎረቤት ተዋጥቶ መያዝ ነው። የአይሱዙን ጎማ ግን ቤት አትንፉ፤ ቸርኬው ባለ ቀለበት ከሆነ ቀለበቱ ተፈንጥሮ የሰው አንገት ይቀጥፋል፣ ኤሌክትሪኩም 24 ቮልት ስለሆነ የ12 ቮልቱን መንፊያ ያቃጥለዋል።

ጎሚስታው መልሰው አልተሳደቡም። 20ኛው መልስ የሳቸው ነው፤ በየሳምንቱ አየር የሚያስጨምር ሰው መንፊያ ሳይሆን ቀዳዳ መፈለግ አለበት አሉ። ፈሳሽ ሳሙና በውሃ ተበጥብጦ መጀመሪያ ቫልቩ አፍ ላይ፣ ቀጥሎ ጎማውና ቸርኬው በሚገናኙበት ዙሪያ፣ መጨረሻ መሬት የሚነካው ፊት ላይ ይቀባል። ቫልቩ አፍ ላይ አረፋ ካለ ውስጧ ያለችውን ትንሽ ፒን ማጥበቅ ወይም መቀየር ይበቃል፣ ርካሽ ሥራ ነው። ዙሪያውን ከሆነ ቸርኬው ዝጎ ነው፤ ጎማው ወልቆ ይፋቃል። ፊቱ ላይ ምስማር ከተገኘ ቤት ውስጥ አይነቀልም። ጎኑ ላይ ከሆነ አይጠገንም። ተንፍሶ ሳለ የተነዳበት ጎማ ደግሞ ውስጡ ተፈጭቶ ሊሆን ስለሚችል ሳይወልቅና ሳይታይ እንዳይነፋ አስጠነቀቁ።

21ኛው ከጉዳዩ ወጣ አለ፤ እኔ ግን ወደድኩት። መንገድ ላይ መንፊያ ለሌለው ሁለት ጫፍ ባለው ቱቦ ከስኮርታው ወደ ተነፈሰው ጎማ ማካፈል እንደሚቻል ጻፈ። ሁለቱ እኩል መጠን ካላቸው ስኮርታው 35፣ የተነፈሰው 25 ቢሆን ሁለቱም 30 ላይ ይገናኛሉ፤ ጎሚስታ ድረስ ያደርሳል። ከዚያ ቮልስን አነሳ፦ አሮጌው ቮልስ የፊት መስታወቱን የሚያጥብበት ውሃ የሚረጨው በስኮርታው አየር ነበር። ስኮርታውን ጨርሶ እንዳያተነፍሰውም ግፊቱ ሲወርድ የሚዘጋ ቫልቭ ነበረው። ለዚህ ነው የቮልስ ባለቤቶች ስኮርታቸውን መሙላት የማይረሱት ብሏል።

22ኛው ኤሌክትሪክ መኪና ለያዙት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 ከተከለከለ ወዲህ ጥያቄው ወደነሱ ዞሯል፤ ነዳጅ የማይቀዳ ሰው ማደያ የሚሄድበት ምክንያት የለውም። ባትሪው ስለሚከብድ የጎማው ልክም ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ ከ36 እስከ 42 የሚሉ አሉ፣ አሁንም በሩ ላይ ያለው ይታያል። ብዙዎቹ ስኮርታ የላቸውም፤ በምትኩ ከኋላው ወለል ሥር ትንሽ ኮምፕሬሰርና ቀዳዳ የሚደፍን ፈሳሽ አለ። ኮምፕሬሰሩ ያለ ፈሳሹ ብቻውን ለወትሮው አየር መጨመሪያ ይሆናል፤ ብዙ ሰው እያለው ሌላ ይገዛል። ሁለቱ በአንድ ቱቦ የተያያዙ ከሆነ ግን ፈሳሹ ጎማው ውስጥ እንዳይገባ መምረጫው ወደ አየር መዞሩ ይረጋገጥ፤ አንዴ የገባ ፈሳሽ የግፊት መለኪያውን ሴንሰር ሊደፍን ይችላል፣ ጎሚስታውንም ያስቸግራል። ጠርሙሱ ላይ የታተመው ማብቂያ ቀን ካለፈም ፈሳሹ ውስጡ ስለሚረጋ መቀየር አለበት።